በባሕር ተከበው መዋኘት ያልተማሩት ሴቶች፦ ዋና በዛንዚባር እንዴት ተቀባይነት አገኘ?

በዛንዚባር ዋነኛ ደሴት ኡንጉጃ ሰሜናዊ ጫፍ ባሉት መንደሮች ከባሕር ተለይቶ የሚኖር ሰው የለም ማለት ይቻላል። ወንዶች ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ጀልባ ይሠራሉ። ሴቶች ደግሞ ባሕሩ ወደ ኋላ በሚሸሽባቸው ሰዓታት ውሃ ውስጥ ገብተው የባሕር አረም ያለማሉ።

ሆኖም ከእነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ ያደጉት መዋኘት ሳይማሩ ነው።

ነዋሪዎቿ ከሞላ ጎደል ሙስሊሞች በሆኑባት ዛንዚባር፣ አንዲት ልጃገረድ ሰውነትን በሚያጋልጥ ልብስ፣ ያውም ከወንድ አሠልጣኝ ጋር፣ ባሕር ውስጥ መግባቷ በወላጆችም ሆነ በጎረቤት ዘንድ ተቀባይነት አልነበረውም። ወንዶች ልጆች እርስ በርስ እየተያዩ ዋና ሲለማመዱ እህቶቻቸው ከዳር ሆነው ይመለከቱ ነበር።

በአውሮፓውያኑ 2011 በደሴቲቱ ሰሜን የተጀመረው የፓንጄ ፕሮጀክት ይህን ለመለወጥ ተነሳ። ፓንጄ "ትልቅ ዓሣ" እንደማለት ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ደሴት ያመራ የነበረው 'ስፓይስ አይላንደር' የተባለው መርከብ ከአቅሙ በላይ ሰው ጭኖ ሳለ በሌሊት ሰጥሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች አልቀዋል። ከአደጋው በኋላ የመርከቦች ቁጥጥር ጉዳይ ብዙ አነጋገረ። የብዙ መንገደኞች መዋኘት አለመቻል ግን የዚያን ያህል ትኩረት አላገኘም።

ልብሱ፣ አስተማሪዋ እና ጀሪካኑ

ፕሮጀክቱ ያገኘው መፍትሔ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ልጃገረዶቹ ከራስ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የዋና ልብስ ተሰጣቸው፤ የሚያስተምሯቸውም ሴቶች ሆኑ። በዚህም ከእምነታቸው ወይም ከባህላቸው ጋር ሳይጋጩ ውሃ ውስጥ መግባት ቻሉ።

ትልቁ ሥራ ግን ያለው ከልብሱ ጀርባ ነው። ከውጭ መጥቶ ለጥቂት ሳምንታት አስተምሮ የሚመለስ አሠልጣኝ፣ ሲሄድ ትምህርቱንም ይዞት ይሄዳል። በፓንጄ አሠራር ግን የሚሠለጥኑት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም በተራቸው ሌሎችን ያስተምራሉ። አስተማሪዋ የመንደሩ ልጅ ስትሆን እናትየዋ ታውቃታለች። የማንን ልጅ፣ የት፣ ከማን ጋር እንደምታስተምር አይጠፋትም። ማኅበረሰቡ ለዋና በሩን የከፈተው ከምንም በላይ በዚህ የተነሳ ይመስላል።

ትምህርቱ የሚጀምረው በፍጥነት በመቅዘፍ አይደለም። መጀመሪያ ልጅቷ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ ጆሮዎቿ ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ሰውነቷን ሳታስጨንቅ መንሳፈፍ ትለማመዳለች። መንሳፈፍ የቻለ ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ እርዳታ ለመጣራት ጊዜ ያገኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ሰውን የማዳን ትምህርት ነው። የሚሰጥም ሰው በድንጋጤ የቀረበውን ሁሉ ስለሚጨብጥ፣ ሊያድነው ዘሎ የገባውን ይዞት የሚሰጥምበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ስለዚህ የሚመከረው ከዳር ሆኖ እንጨት ማቀበል ወይም የሚንሳፈፍ ነገር መወርወር ነው። ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን ለዚህ ያገለግላል፤ በየትኛውም የምሥራቅ አፍሪካ ቤትም አይታጣም።

አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ አና ቦያዚስ በ2016 የኪጂኒ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሙዩኒ የባሕር ዳርቻ ሲማሩ ያነሳቻቸው ምስሎች በ2018 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሽልማት አግኝተዋል። ብዙ የዓለም ሕዝብ ስለ ፓንጄ ያወቀው በእነዚያ ፎቶዎች ነው።

ጉዳዩ የዛንዚባር ብቻ አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ዙሪያ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገራት የሚኖሩ ናቸው። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ሲታይ ደግሞ የሞቱ መጠን ከፍተኛ የሆነው በአፍሪካ ነው። ድርጅቱ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሱ ሕፃናት መሠረታዊ ዋናንና ራስን ሳይጎዱ ሌላውን የማዳን ዘዴ እንዲማሩ ይመክራል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1996 'ኤምቪ ቡኮባ'፣ በ2018 ደግሞ 'ኤምቪ ኒዬሬሬ' የተባሉት የታንዛኒያ ጀልባዎች ሰጥመዋል። በሁለተኛው አደጋ ከ220 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ጀልባዋ የተገለበጠችው ወደ ኡካራ ደሴት ወደብ ልትጠጋ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ነበር።

እርግጥ ዋና ሁሉንም አደጋ አይመልስም። በሰኔ 2024 ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያንን ጭና ከሶማሊያ የተነሳችው ጀልባ በየመን ዳርቻ ስትገለበጥ 49 ሰዎች መሞታቸውንና 140 መጥፋታቸውን ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት አስታውቆ ነበር። ከአቅም በላይ በታጨቀ ጀልባ በክፍት ባሕር ላይ ለተጣለ ሰው ጎበዝ ዋናተኛ መሆንም ዋስትና አይሆንም።

ሜዳሊያ እና ሕይወት ማዳን

በቀጠናው የዋና ፌዴሬሽኖች አሉ፤ እንቅስቃሴያቸውም እየሰፋ ነው። በአፍሪካ የውሃ ስፖርቶች አስተዳደር 'ዞን 3' በሚባለው ምድብ ውስጥ ያሉ አገራት በ2023 ኪጋሊ፣ በ2024 ደግሞ ቡጁምቡራ ላይ ተወዳድረዋል።

የኦሊምፒክ ሰዓት ማሟላት ላልቻሉ አገራት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዋናተኛ እንዲያሰልፉ የሚፈቅድ አሠራርም አለ። ታንዛኒያን በፓሪስ 2024 የወከሉት ኮሊንስ ሳሊቦኮ እና ሶፊያ ላቲፍ የተሳተፉት በዚህ መንገድ ነበር። ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ደግሞ በሪዮ 2016 በ100 ሜትር ነጻ ዋና ከ59 ተወዳዳሪዎች መጨረሻ የወጣውንና በአገሩ ብዙ ክርክር ያስነሳውን ሮቤል ኪሮስን ያስታውሳሉ።

እንዲህ ያሉ ተሳትፎዎች ለስፖርቱ ዕውቅና ይጠቅማሉ። ነገር ግን ውድድር ገንዳ ይፈልጋል። ገንዳ ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው በከተማ፣ በሆቴሎችና ከፍተኛ ክፍያ በሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች ነው። የአንድ ፌዴሬሽን ዕድገት በሜዳሊያና በተመዘገቡ ዋናተኞች ብዛት ሲለካ፣ ሙዩኒ ላይ መንሳፈፍ የተማረችው ልጅ ከቁጥሩ ውጪ ትቀራለች።

ወደ ጥልቁ ውሃ

ለዛንዚባር ሴቶች ዋና የገቢም ጉዳይ እየሆነ መጥቷል።

በስዋሂሊ 'ምዋኒ' የሚባለው የባሕር አረም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በደሴቶቹ በሰፊው ይለማል። ከአልሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አሸዋው ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው የአረሙን ቁራጮች ያስራሉ፤ ሲያድግ ለቅመው፣ አድርቀው ይሸጣሉ። ከአረሙ የሚወጣው ካራጂናን የተባለ ንጥረ ነገር በጥርስ ሳሙና፣ በአይስክሬምና በሌሎችም ምርቶች ውስጥ ይገባል። ብዙ ሴቶች የራሳቸውን ገንዘብ በእጃቸው መያዝ የጀመሩት በዚህ ሥራ ነው።

የባሕሩ ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ ግን የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው 'ኮቶኒ' የተባለው ዝርያ በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በበሽታ ይጠቃና ይሞት ጀመር። ሙቀት የሚቋቋመው 'ስፒኖሰም' ደግሞ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው።

እንደ ታንዛኒያዊቷ የባሕር አረም ተመራማሪ ፍላወር ምሱያ ያሉ ባለሙያዎች ኮቶኒን ቀዝቀዝ ባለው ጥልቅ ውሃ፣ ቱቦ በሚመስል መረብ ውስጥ ማልማት እንደሚቻል በሙከራ አሳይተዋል። መረቡ ውድ አይደለም፤ አሠራሩም አያስቸግርም።

ችግሩ ቦታው ላይ መድረስ ነው። ችካልና ገመድ የለመዱት ሴቶች ሥራቸውን የሚያከናውኑት ባሕሩ ሲሸሽ በእግራቸው ሄደው ነበር። አዲሱ እርሻ ያለበት ውሃ ግን ከቁመታቸው በላይ ነው፤ ጀልባ መቅዘፍንም፣ ከጀልባ ቢወድቁ መዋኘትንም ይጠይቃል።