ጠላ፣ ጫትና የፅንስ አንጎል በራያ ቆላ

አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚወጡበት የነርቭ ቱቦ ከፅንሰት በኋላ በ3ኛው ሳምንት መታጠፍ ይጀምርና እስከ 28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አላረጋገጡም። ከዚያ በኋላም የአንጎል ሕዋሳት ይባዛሉ፣ ወደየቦታቸው ይጓዛሉ፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ሥራው ከወሊድም በኋላ አያበቃም። ስለዚህ ለፅንስ አንጎል ከስጋት ነፃ የሚባል የእርግዝና ወር የለም።

በሰሜን ወሎ፣ በቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ፣ ለፅንሱ አንጎል በቅድሚያ የሚያሳስቡት ኮኬይንና ሄሮይን ሳይሆኑ ጠላ፣ አረቄና ጫት ናቸው። በዚህ የማሽላ አገር ጠላ ለሠርግ፣ ለማኅበርና ለደቦ ይጠመቃል፤ ከመጠጥነቱ ይልቅ ምግብነቱ ይታሰባል። ስለዚህ «መጠጥ ትጠጫለሽ?» ተብላ «አልጠጣም» የምትል ነፍሰ ጡር ጠላውን ሳትቆጥር ልትቀር ትችላለች። የጤና ባለሙያ ጠላን፣ ጠጅንና አረቄን በየስማቸው መጠየቅ አለበት።

አልኮል የእንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱ ደም ውስጥ ይገባል። የፅንሱ ጉበት ገና ስላልጠነከረ በሚገባ ሊያስወግደው አይችልም፤ ወደ ሽርት ውሃው የወጣውንም ፅንሱ መልሶ ይውጠዋል። አልኮል ሕዋሳትን ይገድላል፣ የሚጓዙትንም ከመንገዳቸው ያስታል፤ የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚያገናኘው የነርቭ ጥቅል ሳይሟላ ሊቀር ይችላል። ሕፃኑ ሲያድግ ትኩረት፣ ማስታወስና ሒሳብ ሊከብዱት ይችላሉ። ስለ ጉዳቱ በ1968 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳዩ ሐኪም ሌሞይን ጽፏል፤ በ1973 ደግሞ በአሜሪካዋ ሲያትል ሐኪሞቹ ጆንስና ስሚዝ ስም ሰጡት። በእርግዝና ወቅት «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም» የሚባል የተረጋገጠ መጠን የለም። የጠላ አልኮል ከአረቄ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ዋንጫው ሲደጋገም ልዩነቱ ይጠባል።

ጫት በወሎ ከዱአና ከወዳጃ (ከጋራ ጸሎት ሥርዓት) ጋር የኖረ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ሲሆን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ በእንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደውን ደም ቀንሷል። በሰዎች ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች በእርግዝና ወቅት መቃምን ከዝቅተኛ የልደት ክብደት ጋር ያያይዙታል። ረኃብን ስለሚያስረሳም ድርቅ በሚደጋገምበት አካባቢ የእናቲቱን ምግብ ያሳንሳል። ቅሪቱ በጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። በአንጎል ላይ ያለው ማስረጃ ግን የአልኮሉን ያህል ጠንካራ አይደለምና ሁለቱን በእኩል ድምፅ ማውገዝ ትክክል አይሆንም።

ስጋትን ማጋነን እንደሚያሳስት ከዚህ በፊት ታይቷል፦ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ኮኬይን ከተጠቀሙ እናቶች የተወለዱ ልጆች እንደ ጠፋ ትውልድ ተቆጥረው ነበር። ልጆቹን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ጉዳት ከተፈራው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ድህነት የራሱን ከባድ ድርሻ ይዞ ተገኘ። በራያም የደም ማነስ፣ የአዮዲን እጥረትና ረኃብ የፅንሱን አንጎል ይጎዳሉ። እናትን ማስፈራራትና ማሳፈር ከጤና ጣቢያ ያርቃታል እንጂ ልጇን አያድንም።

በ2019 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትላቸውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያደረጉት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የነርቭ ቱቦው ከተዘጋ ቆይቷል ማለት ነው። ምክሩ ስለዚህ ከእርግዝና በፊት፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት፣ በማኅበሩና በወዳጃው ላይ መነገር ይኖርበታል። ያረገዘችም ብትሆን በየትኛውም ወር መጠጡንና ጫቱን ብታቆም ፅንሷን ትጠቅማለች፤ ለረጅም ጊዜ አብዝታ የጠጣች ግን በሐኪም እርዳታ ታቁም። ነፍሰ ጡርን «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» እያሉ ዋንጫ የሚያቀርቡ ባል፣ አማትና ጎረቤትም እጃቸውን ይሰብስቡ።