ዋይፋይዎን ያደከመው ማን ነው?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደጋን ከተማ ውስጥ፣ አንዲት እናት ቡናቸውን አቅርበው ልጃቸው ከዓረብ አገር የምትደውልበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። ልጅቷ የምታርፈው ዓርብ ብቻ ነው። ኢሞ ይጠራል፤ ፊቷ ብቅ ይላል። «እማዬ፣ ደህና ነሽ ወይ? እግርሽን ተሻለሽ?» እናት መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ምስሉ ድርቅ ይላል። ድምፁ ይቆራረጣል። ታናሽ ወንድም ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ይሮጣል።

«ኔትወርኩ ነው፤ ፓኬጁን እናሳድገው» ይባላል። በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ ከፍ ይላል። ምስሉ ግን ዓርብ ዓርብ መድረቁን አልተወም።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ነገር በእርስዎም ቤት ካለ፣ ተጨማሪ ብር ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። የደከመው ወደ ቤትዎ የሚገባው መስመር ነው ወይስ ከራውተሩ እስከ ስልክዎ ያለው አየር? ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ለሁለተኛው ችግር ልዩ መሣሪያ ይገዛሉ። እኛ ደግሞ ከዚያ መሣሪያ ጠባይ ተምረን አብዛኛውን ነገር በእጃችን ልንሠራው እንችላለን።

አየሩም ገበያ አለው

ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ሻጩ ይጣራል፣ ገዢው ይከራከራል፣ ግመሉና ፍየሉ ይጮኻል። ጎንዎ የቆመ ጓደኛዎ ሲያናግርዎት ሦስት ጊዜ «ምን አልክ?» ይላሉ። ጓደኛዎ አንደበቱ አልተያዘም፤ እርስዎም ጆሮዎ ጤነኛ ነው። ችግሩ በመካከል ያለው ጫጫታ ነው።

ዋይፋይም እንዲሁ ነው። ራውተርዎና ስልክዎ የሚነጋገሩት በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ አየሩ ደግሞ የጋራ ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 አንዳንድ የሞገድ ክልሎችን ማንም ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምባቸው ከፈተ። ዋይፋይ የተወለደው ከዚያ ውሳኔ ነው። ያለ ፈቃድ መጠቀም ማለት ግን ያለ ጎረቤት መጠቀም ማለት አይደለም። በር የሌለው ግቢ ሁሉም ይገባበታል።

በስፋት የምንጠቀምበት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ክልል በአብዛኛው ዓለም 13 ቻናሎች አሉት። ቁጥሩ ብዙ ይምሰል እንጂ ቻናሎቹ እርስ በርስ የተደራረቡ ናቸው። አንዱ የሌላውን ቦታ ሳይነካ አብሮ ሊሠራ የሚችለው 1፣ 6 እና 11 ብቻ ነው። አሥራ ሦስት መደብ ያለ የሚመስለው ገበያ ሲለካ የሚበቃው ለሦስት ነጋዴ ነው።

አሁን ደሴን ያስቡ። ከጦሳ ተራራ ሥር ቤቱ በቤት ላይ ተደርድሯል። ፒያሳ ወይም መናፈሻ አካባቢ በረንዳ ላይ ቆመው የስልክዎን የዋይፋይ ዝርዝር ቢከፍቱ ከታችም ከላይም ከጎንም የጎረቤት ስም ይደረደርልዎታል። ያ ዝርዝር ሁሉ በሦስት መደብ ላይ የሚጋፋ ነጋዴ ነው።

የማይክሮዌቭ ምሥጢር

ከጎረቤት ራውተር በላይ የሚያስቸግረው ግን የዋይፋይን ቋንቋ የማያውቅ ጯሂ ነው። የጎረቤት ራውተር ቢያንስ ጨዋ ነው። ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ሌላው ሲናገር ይጠብቃል። ማይክሮዌቭ ምድጃ ግን ማንንም አይጠብቅም። ምግቡን የሚያሞቀው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ በሆነ ሞገድ ነው፤ ይህም የዋይፋይ ሰፈር መሃል ነው። የቤት ራውተር በአንድ አሥረኛ ዋት አካባቢ ሲናገር፣ ማይክሮዌቩ ውስጥ ያለው ኃይል ከሰባትና ስምንት መቶ ዋት እስከ ሺህ ዋት ይደርሳል። ከበሩ ሾልኮ የሚወጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ በትክክል የሚዘጋ ምድጃ ለጤናዎ አያሰጋም። ለዋይፋይ ጆሮ ግን ያ ጥቂቱም ጩኸት ነው።

ይህ ነገር ሊቃውንትንም አታሏል። አውስትራሊያ ውስጥ ያለው የፓርክስ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለዓመታት እንግዳ የሆኑ አጫጭር ምልክቶችን ሲቀበል ኖረ። ምንጫቸው ግራ ቢያጋባ ስም ሁሉ ወጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎቹ ጉዳዩን ሲደርሱበት፣ ምልክቱ የሚመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከግቢው ኩሽና ሆኖ ተገኘ። ምሳውን የሚያሞቅ ሰው ቸኩሎ ሰዓቱ ሳይሞላ የማይክሮዌቩን በር ሲከፍት የሚያመልጥ ሞገድ ነበር።

ብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ፣ ገመድ አልባ ካሜራ፣ የሕፃን መከታተያ፣ አንዳንድ ገመድ አልባ ስልክ፤ እነዚህም እዚያው ሰፈር ውስጥ ናቸው። በደጋኗ እናት ቤት ጎን ያለው ምግብ ቤት ከዓርብ ስግደት በኋላ ለሚመጣው ደንበኛ ማይክሮዌቩን ደጋግሞ የሚያበራ ከሆነ፣ የእናትና የልጅ ጨዋታ የሚቆራረጠው በዚያ ሰዓት መሆኑ አያስገርምም።

ጆሮ ያላቸው መሣሪያዎች

ለሆስፒታል፣ ለፋብሪካ፣ ለዩኒቨርሲቲና ለሆቴል የሚሠሩት አክሰስ ፖይንቶች ከቤት ራውተር የሚለዩት በጉልበት አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት። የሚለዩት በማዳመጥ ነው።

በእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ውስጥ ከሚናገሩት ሬዲዮዎች ሌላ፣ ሥራው ማዳመጥ ብቻ የሆነ ክፍል አለ። ይህ ክፍል ቀኑን ሙሉ ከቻናል ቻናል እየዞረ «እዚህ ማን አለ? ምን ያህል ይጮኻል? ስንት ሰዓት ይቆያል?» እያለ ይመዘግባል። ሲስኮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ክሊንኤር ብሎ ያወጣው ቴክኖሎጂ ለዚህ ሥራ የተለየ ቺፕ ይዞ መጣ፤ የአየሩን ጥራትም እንደ ተማሪ ውጤት በነጥብ ያስቀምጣል። ሌሎች አምራቾችም በየራሳቸው ስም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ አላቸው።

የሚገርመው መሣሪያው ጩኸት መኖሩን ብቻ ሳይሆን የማን ጩኸት መሆኑንም መለየቱ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አሻራ አለው። የኤሌክትሪካችን ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ የተለመደው ማይክሮዌቭም በዚያው ልክ ብልጭ ጥፍት እያለ ነው የሚጮኸው። ብሉቱዝ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ከቦታ ቦታ ይዘላል። አንዳንድ የቪዲዮ ካሜራ ደግሞ አንድ ቦታ ተክሎ ያለ ማቋረጥ ይናገራል። እናት ጓዳ ሆና በኮቴው የመጣውን ልጅ እንደምታውቀው ሁሉ፣ መሣሪያውም በአመላለሱ ይለየዋል።

ከለየ በኋላ ይወስናል። ለአፍታ የሚያልፍ ጩኸት ከሆነ ይታገሠዋል። የሚቆይ ከሆነ ወደ ጸጥተኛ ቻናል ይዛወራል። ከጎኑ ያለው ወንድሙ እንዳይረበሽ ድምፁን ይቀንሳል። አቅሙ ያላቸውን ስልኮች ሰፊ ወደሆነው 5 ጊጋኸርዝ ይገፋቸዋል። መልካም መሣሪያ ዝም ብሎ አይሸሽም፤ ሲቀያየር የሚውል ከሆነ በተዛወረ ቁጥር ስልኮቹ ለአፍታ ስለሚቋረጡ ከጫጫታው የባሰ ይሆናል።

ለራዳር ቦታ መልቀቅ

በ5 ጊጋኸርዝ ክልል ውስጥ ከ20 የሚበልጡ ቻናሎች አሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ግን ነባር ባለቤት አላቸው፦ ራዳር። የአየር ጠባይ የሚከታተሉና ሌሎች ራዳሮች እዚያ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ዋይፋይ እነዚህን ቻናሎች በአንድ ቅድመ ሁኔታ እንዲጠቀም ፈቀደ፤ ራዳር ከሰማ ቦታ እንዲለቅ።

ስለዚህ መሣሪያው እንዲህ ያለ ቻናል ላይ ከመናገሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ያዳምጣል። እየሠራ ሳለ የራዳር ምት ከሰማም በ10 ሰከንድ ውስጥ ለቅቆ ይወጣል፤ ለ30 ደቂቃም ወደዚያ ቻናል አይመለስም። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫ እንደሚነሣ ልጅ ነው። በአገራችን የሞገድ ሀብትን የማስተዳደር ኃላፊነት የተሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዕቃ ከውጭ ሲያስመጡ በአገሩ ደንብ የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ይህ መሣሪያ ለማን ነው?

እንደ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለ ሰፊ የብረት ሼድ፣ እንደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባለ ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ ስልኩን በሚከፍትበት ግቢ፣ ወይም የሕሙማን መረጃ በሚመላለስበት ሆስፒታል ውስጥ ጆሮ ያለው መሣሪያ ቅንጦት አይደለም። ፎቅ አሠርተው እንግዳ ማረፊያ የከፈቱ፣ ክሊኒክ ወይም የግል ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩ ከሆነም ሊያስቡበት ይገባል። ባለሙያ ሲያነጋግሩ እነዚህን ይጠይቁ፦

• ቻናል የሚመርጠው ሲበራ ብቻ ነው ወይስ እየሠራም ያዳምጣል?
• ለማዳመጥ ብቻ የተመደበ ሬዲዮ አለው?
• በራዳር ቻናሎች ላይ በደንቡ መሠረት ይሠራል?
• ኤሌክትሪኩን በዚያው በኔትወርክ ገመድ ይወስዳል? ይህ ከሆነ አንድ መጠባበቂያ ባትሪ መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ሊያቆይ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አይርሱ። የትኛውም መሣሪያ ቀጭን መስመር አያወፍርም። ወደ ግቢው የሚገባው ኢንተርኔት ራሱ ደካማ ከሆነ የአየሩ ጥራት ብቻውን አያድንዎትም።

ለቤትዎ፣ ያለ ወጪ

አራት አምስት ሆነው ለሚኖሩበት ቤት ውድ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። መሣሪያው የሚሠራውን በእጅዎ ይሥሩት።

መጀመሪያ ይመርምሩ። ላፕቶፕ በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ፤ ከዚያ ገመዱን ነቅለው በዋይፋይ እንደገና ይለኩ። በገመድም ደካማ ከሆነ ጉዳዩ የመስመሩ ነውና አገልግሎት ሰጪዎን ያነጋግሩ። በገመድ ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከደከመ ጉዳዩ የአየሩ ነው። ፓኬጅ ማሳደግ አያድነውም።

ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት። ብዙ የቤት ራውተሮች ቻናል የሚመርጡት ሲበሩ ብቻ ስለሆነ፣ ማታ ጫጫታው ሲጀምር ቢያበሩት በዚያ ሰዓት ጸጥ ያለውን ቻናል ያገኝ ይሆናል። ይህ ካልበቃ በማስተካከያ ገጹ ላይ 1፣ 6 ወይም 11ን ይምረጡ። «ባዶ ነው» ብለው 3ን ወይም 8ን አይምረጡ፤ ግራና ቀኝ ሁለቱንም ጎረቤት ይረብሻሉ፣ እነሱም እርስዎን።

ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ስልኮችንና ቴሌቪዥኑን ወደዚያ ያዛውሩ። ማይክሮዌቭ እዚያ አይደርስም፤ የጎረቤት ሞገድም ግድግዳ ማለፍ ስለሚከብደው ይቀንሳል። የእርስዎም ግድግዳ ማለፍ እንደሚከብደው ግን አይዘንጉ፤ የብሎኬት ቤት ከሆነ ራውተሩ ሰው ወደሚቀመጥበት ክፍል መጠጋት አለበት።

ቦታውን ያስተካክሉ። ራውተር ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ ጎን ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። ከፍ ብሎ፣ ከቤቱ መሃል፣ ከኩሽና ርቆ ይሁን። ብረትና ትልቅ መስታወት ሞገዱን ይመልሱታል፤ ውሃ የሞላ ሮቶ ደግሞ ይውጠዋል። ከቦታው የማይንቀሳቀሰውን ቴሌቪዥን በገመድ ያገናኙት፤ አየሩ ለስልኮቹ ይለቀቃል።

መጨረሻው ቡና ነው

የድርጅት መሣሪያ በራሱ የማይሠራው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከጎረቤት ጋር መነጋገር። እርስዎ ግን ይችላሉ። በቡና ሰዓት «የናንተ ራውተር ስንት ቁጥር ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንዱ 1፣ አንዱ 6፣ አንዱ 11 ቢይዝ ሦስት ቤት ያለ አንዳች ወጪ ጸጥታ ያገኛል። ውኃ በተራ የሚቀዳ ጎረቤት አየር መካፈል አያቅተውም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰበት ጊዜ ስልክ ተቋርጦ የልጅ ድምፅ የናፈቀ ወሎዬ፣ የአንድ «ደህና ነኝ» ዋጋ ስንት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ያን ጊዜ በእጃችን ምንም አልነበረም። የዛሬው መቆራረጥ ግን አብዛኛው በእጃችን ነው።

እናም በሚመጣው ዓርብ፣ የደጋኗ እናት ቡናቸውን ሲያቀርቡ፣ ራውተሩ ከኩሽናው ግድግዳ ወደ ሳሎን መደርደሪያ ወጥቶ፣ ስልኩም ወደ 5 ጊጋኸርዝ ተዛውሮ ይጠብቅ። ልጅቷ «እግርሽን ተሻለሽ?» ስትል፣ እናት መልሱን እስከ መጨረሻው ይንገሯት።