ተቀምጦ ማየት

ከመካነ ሰላም ወጥቶ የአገሬው ሰው ደንቆሮ ጫካ የሚለውን የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሽቅብ ለያዘው ሰው፣ ኮሶው እየሳሳ ሄዶ አስታው ይተካዋል፤ ከአስታው በላይ ጓሳና ጅብራ ነው። የእኔ የጥበቃ ሥራ እዚያ ላይ ነው፤ መዞር፣ ማየት፣ መመዝገብ። ካየሁት ሁሉ አንድ የታኅሣሥ ጠዋት አይረሳኝም።

የሌሊቱ ውርጭ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ፣ አዲስ ከተመደበ ወጣት ጠባቂ ጋር ገመገሙ ላይ ደረስን። ከበታቻችን ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። በመካከላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቀስ እያለ ይሄዳል። ግልገል ባቀፈች እናት አጠገብ ሲያልፍ እሷም አልተነሣች፣ እሱም ዞር ብሎ አላየም። ድንገት ቆመ፤ ጆሮውን ወደ መሬት ቀሰረ፤ ዘለለና አይጥ በአፉ ይዞ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ትንሽ እንጠጋ፤ ከዚህ ፎቶው አይጠራም» አለኝ ወጣቱ።

መከልከል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ግን እኔም ጓጓሁና ተነሣሁ። አሥር እርምጃ ሳንሄድ አንድ አውራ ጭላዳ ጮኸ፤ መንጋው ወደ ገደሉ ጎረፈ። ቀበሮው ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቀረ። ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለቱንም ሳተና ዳገቱን ይዞ ሄደ።

ምን እንዳጠፋሁ በቁጥር የገባኝ በኋላ ነው። በመንዝ ጓሳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ቀበሮ በጭላዳ መካከል ሲያድን 67 በመቶ፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ ሁሉም በአገራችን ደጋ ይኖራሉ። ያ ወቅት ደግሞ ቡችሎች በጉድጓድ ውስጥ የሚጠብቁበት ነው። ያመለጠችው አይጥ የማን ምግብ እንደነበረች ሳስብ ያመኛል።

ለማየት መጠጋት አደንን እንደሚያበላሽ ባሕር ያላቸው አገሮችም እየተማሩ ነው። ኦርካ የሚባለው የባሕር አዳኝ፣ ዓሣ የሚያገኘው ድምፅ ልኮ ማሚቶውን በማዳመጥ ነው፤ ሊያዩት በጀልባ የሚጠጉ ሰዎች ሞተር ግን ማሚቶውን ይውጠዋል። ስለዚህ በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ጀልባዎች ለመጥፋት ከተቃረቡት ኦርካዎች 900 ሜትር ያህል እንዲርቁ በሕግ ታዟል።

የእኛዎቹ ጭላዳዎች ቀበሮውን በመካከላቸው የሚያሳልፉት ቀስ ስለሚልና ግልገላቸውን ስለማይነካ ነው። እንግዳም እንዲህ ሲሆን ነው የሚታመነው።

በሳምንቱ ተመለስን። ድንጋይ ተደግፈን ተቀመጥን፤ ረፋዱ ላይ መንጋው ሣሩን እየነጨ ራሱ ወደ እኛ መጣ፤ ቀበሮውም ከኋላው። ወጣቱ ካሜራውን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ ዝም ብሎ ያይ ነበር።