የሕክምና ምርምርን ለሕዝብ መተርጎም የማን ሥራ ነው?

መጋቢት 2012 ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከጤና ሚኒስቴር ጋር በመሆን በባህላዊ መድኃኒት ላይ የተመሠረተ ምርምር ይፋ አደረገ። የተባለው ምርምሩ የመጀመሪያ ደረጃ ፍተሻዎችን አልፎ ወደ ቀጣዩ ሙከራ መሸጋገሩን ነበር። ከአፍ ወደ አፍ የተዛመተው ግን «መድኃኒቱ ተገኘ» የሚል ወሬ ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንድ መድኃኒት በቤተ ሙከራ ከተፈተሸ በኋላ በእንስሳት ላይ ይሞከራል። ቀጥሎ ደኅንነቱ በጥቂት ሰዎች፣ ፈዋሽነቱ ደግሞ በብዙ ሕሙማን ላይ ይፈተናል። ቤተ ሙከራን ካለፉት አብዛኞቹ በመንገድ ይቀራሉ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ በእንግሊዝ የተካሄደ ትልቅ ጥናት፣ ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ መድኃኒት የኮሮና ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ አሳየ። ጥቅሙ የታየው ግን ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ መሣሪያ ባስፈለጋቸው ላይ ብቻ ነው። መድኃኒቱ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያዳክማል፤ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። «ዴክሳሜታዞን ለኮሮና ፍቱን ነው» ብሎ ግማሹን ብቻ የሚያወራ ሰው፣ ቤቱ ተኝቶ የሚያስለውን ሕመምተኛ ሊጎዳ ይችላል።

ታዲያ ተርጓሚው ማን ይሁን? ለእኛ ለሙስሊሞች መልሱ እንግዳ አይደለም። ሐዲስ ያነበበ ሁሉ ፈትዋ አይሰጥም። ሰነዱን የሚመረምር፣ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር የሚያገናዝብ ዓሊም ያስፈልጋል። የሕክምና ጥናትም እንዲሁ ነው። ተርጓሚው በዚያው ዘርፍ የሠለጠነ፣ ጥናቱ በእነማን ላይ፣ በስንት ሰው፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደተሠራ የሚናገር፣ ከመድኃኒቱ ሽያጭ ጥቅም የሌለው ሊሆን ይገባል። «ዶክተር» መባል ብቻውን አይበቃም፤ የዓይን ሐኪም ስለ ልብ መድኃኒት ጠያቂ ነው።

ይህ ዳዒዎቻችንንም ይመለከታል። በጥቁር አዝሙድ ፈውስ እንዳለ በሐዲስ መምጣቱን እናምናለን። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ትቶ እሱን ይውሰድ ማለት ግን ሐዲሱ ያላለው ነው። ኢንሱሊን ያቋረጠ ሰው በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሕክምና ዐዋቂነት ሳይታወቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ማስተማራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል።

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሐኪም ቤት ሩቅ፣ ስልክ ግን ቅርብ ነው። «እንዲህ የሚባል መድኃኒት ወጣ» የሚል ወሬ ሲደርስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ የመስጊዱን ኢማም ነው። ኢማሞቻችን «ቆዩ፣ ባለሙያ ጠይቄ ልንገራችሁ» ቢሉና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ከሆስፒታሉ ሐኪም አጣርተው ቢመለሱ፣ ክብራቸው አይቀንስም። ሱረቱ ኒሳእ (4፥83) ወሬን ለሚያጣሩት ሰዎች ሳያደርሱ የሚያሰራጩትን ትወቅሳለች። እኛም የሰማነውን ከማስተላለፋችን በፊት አንድ ጥያቄ እንልመድ፦ ይህ የተሞከረው በማን ላይ ነው?

ወላሁ አዕለም።