የወላይታን ስንዴ ሳያጭዱ መገመት

ስንዴ በወላይታ የደጋው ሰብል ነው። ቆላው በቆሎውን፣ ጓሮው እንሰቱንና ጎደሬውን ሲይዝ፣ ስንዴ እንደ ዳሞት ጋሌ፣ ሶዶ ዙሪያና ቦሎሶ ሶሬ ባሉ ወረዳዎች ከፍታ ላይ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል። ስንት ኩንታል እንደተገኘ የሚታወቀው አዝመራው ሲደርስ ናሙና ማሳዎች ተመርጠው፣ ከየማሳው የተለካች ቁራሽ ታጭዳና ተወቅታ ስትመዘን ነው። ሚዛኑ ታማኝ ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ምርቱ ለምን እንዳነሰም አይመልስም። የሰብል ሞዴል የሚፈለገው ለዚህ ነው።

የሰብል ሞዴል የሰብልን ዕድገት በየቀኑ እያሰላ የሚያስኬድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከጣሉት መካከል የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። ዛሬ ለስንዴ ከሚታወቁት መካከል ዲሳት በተባለው የፕሮግራሞች ጥቅል ውስጥ የሚገኘው ሴሬስ ዊት፣ የአውስትራሊያው አፕሲምና የዓለም የምግብና የግብርና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው አኳክሮፕ ይገኙበታል።

ፕሮግራሙ አራት ነገር ይጠይቃል፦ የየዕለቱን ፀሐይ፣ ሙቀትና ዝናብ፤ የአፈሩን ጥልቀትና ውኃ የመያዝ አቅም፤ የዝርያውን ጠባይ፤ የገበሬውን አሠራር፣ ማለትም መቼ እንደዘራና ምን ያህል ማዳበሪያ እንደጨመረ። ከዚያ ቀን በቀን ይቆጥራል። ስንዴ ዕድሜውን የሚቆጥረው በሙቀት ድምር ነው። አንድ ዝርያ ከዘር እስከ ምርት የ2000 ዲግሪ ድምር ይፈልጋል እንበል፤ የቀኑ አማካይ ሙቀት 18 ዲግሪ በሆነበት ማሳ በ111 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ 15 ዲግሪ በሆነበት ደጋ ግን ወደ 133 ቀን ይወስዳል። ቶሎ የደረሰው ፍሬውን የሚሞላበት ጊዜ ያጥርበታል።

ዝናቡም በድምሩ ብቻ አይለካም። በ10 ቀን ተከፋፍሎ የወረደ 60 ሚሊ ሜትር ሥሩን ያርሳል፤ በአንድ ከሰዓት የወረደው ግን ከፊሉ ከዳሞታ ተራራ ተዳፋት አፈር ይዞ ይሄዳል። የወር ድምር ብቻ የተሰጠው ሞዴል ሁለቱን አይለያቸውም።

የዝርያው ጠባይ በግምት አይሞላም። እንደ አረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ያሉ ተቋማት ከሚያካሂዱት የመስክ ሙከራ የአበባ ቀን፣ የፍሬ ክብደትና ምርት ተወስዶ ሞዴሉ ይስተካከላል። ከዚያ ባላየው ዓመት ወይም ቦታ ውጤት ይፈተናል። በተስተካከለበት መረጃ ብቻ የተመሰገነ ሞዴል ገና አልተፈተነም።

ትልቁ ሥራ ከአንድ ማሳ ወደ ዞን መሻገሩ ነው። ሞዴሉ የሚያውቀው ማሳን ነው፤ ወላይታ ግን ከዳሞታ አናት እስከ አባያ ሐይቅና ብላቴ ወንዝ ቆላ የሚወርድ አገር ነው፤ የሶዶ ከተማ የአየር መረጃ ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ መሬቱ በከፍታ፣ በአፈርና በዝናብ ይከፈላል፤ ለየክፍሉ ይሰላል፤ ውጤቱም በስንዴ መሬቱ ስፋት ይመዘናል። 200 ሄክታር በሄክታር 30 ኩንታል፣ 800 ሄክታር ደግሞ 15 ኩንታል ቢሰጡ፣ የሁለቱ ቁጥሮች ተራ አማካይ 22.5 ነው፤ እውነተኛው ግን 18። በተራው አማካይ የሄደ ዕቅድ በ1000 ሄክታር ላይ 4500 የሌለ ኩንታል ይዞ ይነሣል።

ሞዴሉ የማያያቸው ነገሮችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ በኢትዮጵያ የስንዴ አካባቢዎች ተስፋፍቶ፣ ብዙ ገበሬ ይዘራው የነበረውን ኩብሳ የተባለ ዝርያ ክፉኛ ጎድቷል። በዚያ ዓመት ዝናቡን ብቻ ያየ ስሌት ጥሩ ምርት ሊተነብይ ይችል ነበር፤ እርጥበቱ ለስንዴው እንደተመቸ ለዋጉም ይመቻልና። በረዶ፣ አረምና ኖራ የሚፈልግ አሲዳማ አፈርም በብዙዎቹ ሞዴሎች አይቆጠሩም። ስለዚህ የሚሰጡት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ማሳው ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው።

ይህ ጣሪያ ከታጨደው ምርት ሚዛን ጋር ሲነጻጸር ብዙ ይናገራል። ምርቱ በመጀመሪያ ውኃና ማዳበሪያ እንደማይጎድል ተቆጥሮ፣ ቀጥሎ በወረደው ዝናብ ብቻ፣ በመጨረሻም በገበሬው ማዳበሪያ ይሰላል። ልዩነቱ በዝናቡ ስሌት ላይ ከታየ መፍትሔው የዘር ቀንና ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ነው፤ በማዳበሪያው ላይ ከታየ አቅርቦቱ ይታያል፤ ሦስቱም ካላስረዱት በሽታና አፈር ይመረመራሉ።

ሞዴሉ አዝመራው ሳይደርስም ይሠራል። በመስከረም እስከዚያ ቀን የወረደውን ዝናብ ይዞ፣ የቀረውን ወቅት ባለፉት 30 ዓመታት አየር በየተራ ቢያስኬድ 30 ፍጻሜ ይሰጣል። ለዞኑ የግብርና ባለሙያ ከአንድ ቁጥር ይልቅ ይህ የውጤቶች ስብስብ ይሻላል፦ በመጥፎው ጫፍ ምን ያህል እህል ማዘጋጀት እንደሚያስፈልግ፣ በደህናው ምን ያህል ለገበያ እንደሚተርፍ ይነግረዋል።