ባትላሜራው መዶሻ ከማንሳቱ በፊት

መኪና ሲጋጭ የባለቤቱ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ደህና ባትላሜራ ግን የሚያየው በበሩና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ የተጎዳው ላሜራው ብቻ አይደለም፤ የተሸከመውም አካል ከቦታው ተንቀሳቅሷል። ባትላሜራው በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ኮፈኑን ያነሳል፣ በሜትር ከጥግ እስከ ጥግ ይለካል። መዶሻው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጎንደር ውስጥ ይህ ሙያ የሚውለው ከባጃጅ፣ ከሚኒባስና ከአይሱዙ ጋር ነው። ከተማዋን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. የያዘው ጣሊያን በደባርቅ አድርጎ በሊማሊሞ የሚወርደውን መንገድ ሠርቷል። ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለሚወርድ ሾፌር፣ ፍሬን ሲይዝ ወደ ገደሉ የሚጎትት መኪና ቀለሙ ቢያብረቀርቅ ምን ይጠቅመዋል?

የጎደጎደ ላሜራ መሐሉን በመምታት አይቃናም። ባለሙያው ከኋላ ብረት ደግፎ ከጉድጓዱ ጠርዝ ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ መሐል ይገባል። ብዙ የተደበደበ ላሜራ ይለጠጥና ሲጫኑት ቧ ይላል፤ ያን ጊዜ በእሳት አግሎ በእርጥብ ጨርቅ መሰብሰብ ግድ ነው። መቃናቱን የሚያረጋግጠው ከዓይን ይልቅ መዳፍ ነው። ስቱኮ የሚቀባው የቀረችውን ትንሽ ሸካራ ለመሙላት ብቻ ነው፤ ጉድጓድ በስቱኮ የሞላ ሰው ግን ባለመኪናውን አታልሏል፤ ሲውል ሲያድር መሰንጠቁ አይቀርም። ማግኔት ማስጠጋት በቂ ነው፦ በወፍራም ስቱኮ ላይ አይይዝም። በክረምት ደግሞ ከኮምፕሬሰሩ ውኃው ካልፈሰሰ ቀለሙ ይኮፈሳል።

ስፖርት መኪና ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። አካሉ አሉሚኒየም ከሆነ ማግኔቱም አያገለግልም። አሉሚኒየም እንደ ብረት ሳይቀላ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የለመደውን እሳት የሚጠቀም ባለሙያ ላሜራውን አጣ ማለት ነው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ጠንካራ ብረትም ከጋለ አቅሙን ስለሚያጣ አይቃናም፤ ይቀየራል። የፕላስቲክ ፓራውልት ደግሞ ተመትቶ ወደ ቅርጹ ይመለስና ከኋላው የታጠፈውን ብረት ይሸፍናል። ስለዚህ «ቀላል ግጭት ነው» የሚባለው ፓራውልቱ ወርዶ ከታየ በኋላ ነው። «ይህ የኔ ሥራ አይደለም፣ ዕቃው ይቀየር» የሚል ባትላሜራ ሁሉን እሠራለሁ ከሚለው ይበልጥብኛል።

ወጪውን በተመለከተ፣ በአዋጅ 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው በሌላው ላይ የደረሰውን ጉዳት ነው፤ የራስን መኪና ለማሠራት ሙሉ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ፕሮፎርማ ሲወዳደር ግን ዋጋው ብቻ አይታይ፤ ርካሹ ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው የመለኪያውን ሰዓት ነው።

መኪናውን ከመረከብ በፊት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነድቶ መሪው ወደ አንድ ወገን መጎተት አለመጎተቱን ማየት ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላም ጎማው በአንድ ጠርዙ ብቻ ከተበላ ሥራው አላለቀምና ወደ ጋራዡ ይመለስ።