ቀለሃና እሳት፦ ነሐስ እንዴት ይጠነክራል፣ እንዴትስ ይለዝባል?

አንጥረኛ የማጭድ ብረት አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ብረቱ ይጠነክራል። የጥይት ቀለሃ ግን ከጋለ በኋላ ውሃ ቢነካውም ባይነካውም ይለዝባል። ቀለሃ አብዛኛውን ጊዜ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ካለው ነሐስ ይሠራል። ይህን ቅይጥ የሚያጠነክረው እሳት ሳይሆን መቀጥቀጥ፣ መጨመቅና መሳብ ነው።

ነሐስ የጥቃቅን ክሪስታሎች ስብስብ ነው። ሲቀጠቀጥ የአቶሞቹ ረድፍ ይዛባል፤ መዛባቱ ሲበዛ ረድፎቹ መንሸራተት ያቅታቸዋል፤ ነሐሱም ይደርቃል። በቂ ሙቀት ሲያገኝ በተዛቡት ፋንታ አዳዲስ ክሪስታሎች ያድጋሉ፤ ልስላሴውም ይመለሳል።

ጥይት ሲተኮስ የባሩዱ ጋዝ ቀለሃውን ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያግደው ይህ መጣበቅ ነው። ቀለሃው ከዚያ በኋላ በመጠኑ ሰፍቶ ይቀራል። ዳግም የሚሞላ ከሆነ በጠንካራ የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። መስፋትና መጨመቁ ሲደጋገም አንገቱ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በእሳት የሚለዝበውም ለዚህ ነው። ግፊቱን የሚሸከመው ቂጡ ግን ጠንካራ ሆኖ መቅረት አለበት። እሱ ከለዘበ ቀለሃው ተጥሎ ከመቅለጥ ሌላ ጥቅም የለውም።

በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ያከማቻቸው ጥይቶች ማንም ሳይነካቸው ይሰነጠቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ተመራማሪዎች ምክንያቱን አስረዱ፦ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያና በነሐሱ ውስጥ የቀረው ውጥረት ተባብረው ነበር። መጠነኛ ሙቀት ይህን ውጥረት ያረግበዋል።

በእኛም አገር ቀለሃ ታሪክ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ በላይ ባለው እንጦጦ ሴቶች ከቀለሃ ነሐስ የተሠራ ዶቃ እየሰኩ የአንገት ጌጥ ያዘጋጃሉ።

ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ለመረዳት እንጂ ጥይት ለመሙላት አይደለም፤ የጦር መሣሪያን ጉዳይ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በገላንና በዱከም መስመር ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች አሉ፤ ቁራሌው የሰበሰበውም ወደ እሳት ይሄዳል፤ በመካከሉ ጥይት ካለ አደጋ ነው። ስለዚህ አደራ፦ አረሩ ያልወጣ ጥይት ካገኛችሁ አትቀጥቅጡ፣ እሳት አታስጠጉ፣ ከቁርጥራጭ ጋር አትሽጡ፤ ልጆችን አርቃችሁ ለፖሊስ አሳውቁ።